በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮሌጅ ክሬዲት፦ የአሠራሩ ታሪክና የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት የት ላይ ያበቃል? የኮሌጅ ትምህርትስ ከየት ይጀምራል? ጥያቄው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱ የትምህርት እርከኖች መካከል ያለው ወሰን ከተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን በየሀገሩ በስምምነት የተሠመረ በመሆኑ፣ እንደ ዘመኑ ፍላጎትና እንደ ሀገሩ አቅም ወዲህና ወዲያ ሲዛወር ኖሯል። በአንድ ሀገር የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተብሎ የሚሰጠው የሂሳብ ትምህርት በሌላው ሀገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ሆኖ ይገኛል። በአንድ ሀገር ውስጥ እንኳ በሃያ ዓመት ጊዜ ቦታውን ሁለት ጊዜ ሊለውጥ ይችላል።

ይህን ወሰን በይፋና በሥርዓት ለመሻገር ከተዘረጉት አሠራሮች አንዱ፣ ተማሪው ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የኮሌጅ ክሬዲት እንዲያገኝ የሚፈቅደው ነው። አሠራሩ ተወልዶ ያደገው በአሜሪካ ሲሆን፣ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር አንድ ነገር ያሳያል። ይኸውም ዋናው ችግር የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት የኮሌጅ ትምህርት ሊገባው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው አለመሆኑ ነው። ሊገባው እንደሚችል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ ሲያከራክር የኖረው፣ ትምህርቱ በእርግጥ በኮሌጅ ደረጃ መሰጠቱን ማን ይመሰክራል፣ ኮሌጁስ የማንን ምስክርነት ይቀበላል የሚለው ነው። ኢትዮጵያም በራሷ መንገድ ይህን ወሰን ስላዛወረችና መልሳ ስላስተካከለች፣ ጉዳዩ ለሀገራችን መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ክንውኖች በአውሮፓ፣ የኢትዮጵያ ክንውኖች ደግሞ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ቀርበዋል።

ክሬዲት የተባለው መለኪያ

ክሬዲት የሚለው ቃል በመነሻው እምነት ማለት ነው። ነጋዴ ለሚያምነው ደንበኛ ዕቃ በዱቤ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ አንድ የትምህርት ተቋምም ሌላው ተቋም ያስተማረውን ራሱ እንዳስተማረው አድርጎ የሚቀበለው በእምነት ነው። ይሁን እንጂ እምነቱ መለኪያ ያስፈልገው ነበር።

በአሜሪካ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይዘትና ደረጃ እጅግ የተለያየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ድርጅት፣ የትኛው ተቋም በእርግጥ ኮሌጅ እንደሆነ መለየት ስለነበረበት አንድ መስፈርት አወጣ። ኮሌጅ ለመባል፣ የሚቀበላቸው ተማሪዎች ቢያንስ 14 መለኪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ መሆን ነበረባቸው። አንዱ መለኪያ አንድ የትምህርት ዓይነት በዓመት ውስጥ ለ120 ሰዓት ያህል ሲሰጥ የሚቆጠር ነው። ኮሌጆችም በበኩላቸው የራሳቸውን ትምህርት በክሬዲት ሰዓት መቁጠርን ልማድ አደረጉ።

በዚህ ሁኔታ ለመምህራን ጡረታ ተብሎ የተጀመረው ነገር የመላ ሀገሪቱ የትምህርት መቁጠሪያ ሆነ። መለኪያው የሚቆጥረው ግን ሰዓትን እንጂ ዕውቀትን አልነበረም። ተማሪው በመቀመጫው ላይ ያሳለፈው ጊዜ ይታወቃል፤ በልቡ የያዘው ግን አይታወቅም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የኮሌጅ ክሬዲት ያግኝ የሚለው ሐሳብ በኋላ ሲነሣ የገጠመው የመጀመሪያ መሰናክል ይህ ነበር። ምክንያቱም ሰዓቱ በኮሌጅ ግቢ ውስጥ አልተቆጠረምና።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

ወሰኑን በድፍረት ካፈረሱት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው የችካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው መሪ ሮበርት ሜይናርድ ሐቺንስ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ሁለት ዓመታትና የኮሌጅ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ይዘታቸው የተደጋገመ ነው የሚል አቋም ነበረው። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዩኒቨርሲቲው አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ተቀብሎ አጠቃላይ ትምህርት መስጠት ጀመረ። የተማሪው ዕድገት የሚለካውም በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን በማጠቃለያ ፈተና ነበር። ሐቺንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ዩኒቨርሲቲውን ከለቀቀ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ አሠራሩ ወደ ተለመደው መንገድ ተመለሰ። አንዱ ምክንያት ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መንገድ የተሰጠውን ዲግሪ ከራሳቸው ጋር እኩል አድርገው ለመቀበል ማመንታታቸው ነበር።

በዚያው በ1951 ሌላ ሙከራ ተጀመረ። ጊዜው የኮሪያ ጦርነት የሚካሄድበትና ወጣቶች ለውትድርና የሚጠሩበት ነበር። የፎርድ ድርጅት ያቋቋመው የትምህርት ማሻሻያ ገንዘብ፣ ወጣቶች ለወታደራዊ አገልግሎት ከመጠራታቸው በፊት የተወሰነ የኮሌጅ ትምህርት እንዲያገኙ በማሰብ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት ተኩል ያልበለጣቸው ወንዶች በየል፣ በኮሎምቢያ፣ በዊስኮንሲንና በችካጎ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ የትምህርት ዕድል ሰጠ። ከዚያም ሌሎች ኮሌጆች ተጨምረው ቁጥራቸው አሥራ ሁለት ደረሰ። የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች የሆኑት ፊስክና ሞርሃውስም ከእነዚህ መካከል ነበሩ።

ተማሪዎቹ በትምህርታቸው መልካም ውጤት አስመዘገቡ። ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች በአሠራሩ ደስተኞች አልነበሩም። ምርጥ ተማሪዎቻቸው ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ እየተወሰዱባቸው ስለነበር፣ የመጨረሻው ክፍል ባዶ የሚቀር መሰላቸው። ጥያቄውም መልኩን ለወጠ። ተማሪውን ከትምህርት ቤት ነቅሎ ወደ ኮሌጅ ከመውሰድ ይልቅ፣ የኮሌጁን ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቱ ማምጣት አይቻልምን ተባለ።

በፈተና ላይ የተመሠረተው መንገድ

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በአንድ ወቅት ሁለት ጥናቶች ተካሄዱ። የመጀመሪያው አንዶቨር፣ ኤክሰተርና ሎረንስቪል የተባሉት ሦስት የግል ትምህርት ቤቶች ከሃርቫርድ፣ ከፕሪንስተንና ከየል ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው ያካሄዱት ነው። ጥናቱን የመራው በአንዶቨር መምህር የነበረው አለን ብላክመር ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ታትሞ ወጣ። ጥናቱ ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች ወደ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች የገቡ ተማሪዎችን የትምህርት ማኅደር ሲመረምር፣ ጥሩ ተማሪዎች በትምህርት ቤት የተማሩትን በኮሌጅ አንደኛ ዓመት እንደገና እንደሚማሩ፣ በዚህም ጊዜያቸውና ፍላጎታቸው እንደሚባክን አመለከተ። መፍትሔ ብሎ ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ፣ ተማሪው የሚያውቀውን በፈተና አረጋግጦ በኮሌጅ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዲመደብ ማድረግ ነበር።

ሁለተኛው ጥናት የተመራው የኬንየን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በነበረው ጎርደን ኪት ቻልመርስ ነው። በዚህ ጥናት ኬንየንን፣ ቦውዶይንን፣ ኦበርሊንን፣ ስዋርዝሞርንና ዊሊያምስን ጨምሮ አሥራ ሁለት ኮሌጆች ተሳትፈዋል። የዕለት ተዕለት ሥራውን ያስተባበረው ግን የፊላዴልፊያ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዊሊያም ኮርኖግ ነበር። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ነው። የኮሌጅ መምህራንና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በ11 የትምህርት ዓይነቶች ኮሚቴ አቋቁመው፣ አንድ የአንደኛ ዓመት ኮርስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተወያዩ፤ መርሐ ትምህርቱንም አብረው ጻፉ።

ከዚያም የሙከራ ፈተና ተዘጋጀ። ፈተናው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን፣ ለማነጻጸር ያህል በኮሌጆቹ ኮርሱን ወስደው ለነበሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችም ተሰጠ። የትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎች ከኮሌጆቹ ተማሪዎች የማያንስ ውጤት አመጡ። የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በዚህ መልስ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1955 መርሐ ግብሩ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎችን ወደሚያዘጋጀው የኮሌጅ ቦርድ ተዛወረ፤ ስሙም አድቫንስድ ፕሌስመንት፣ ማለትም ወደ ላቀ ደረጃ መመደብ፣ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በተሰጠው ፈተና ከ104 ትምህርት ቤቶች የመጡ 1,229 ተማሪዎች 2,199 ፈተናዎችን ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ስታመጥቅ፣ አሜሪካ የሳይንስና የሂሳብ ትምህርቷ ወደ ኋላ ቀርቷል በሚል ስጋት ተያዘች፤ ባለ ተሰጥኦ ተማሪዎችን ፈጥኖ ለማራመድ የተዘጋጀው መርሐ ግብርም ድጋፉ በረታ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፈተናውን የወሰዱት ተማሪዎች ከ10,000 በላይ ነበሩ።

አሠራሩ ከሞላ ጎደል እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ተማሪው በትምህርት ቤቱ መምህር ዓመቱን ሙሉ ይማራል። በግንቦት ወር በመላ ሀገሪቱ አንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣል። የጽሑፍ መልሶቹን የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የተፈታኙን ማንነት ሳያውቁ አብረው ያርማሉ። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይገለጻል። ክሬዲት መስጠት ወይም መንፈግ ግን የእያንዳንዱ ኮሌጅ ሥልጣን ነው፤ አንዱ በ3 ሲቀበል ሌላው 5 ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ምስክሩ የትምህርት ቤቱ መምህር አይደለም፤ የኮሌጁም መምህር አይደለም። ምስክሩ ከሁለቱም ውጭ የቆመ ፈተና ነው።

በኮርስ ላይ የተመሠረተው መንገድ

ሁሉም በአንድ ቀን ፈተና አላመነም። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ፕሮቮስት በነበረው በአልበርት ዎህ አነሣሽነት ሌላ መንገድ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ኮርስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ራሱ በመረጣቸው የትምህርት ቤቱ መምህራን አማካይነት መስጠት ያዘ። ተማሪው ኮርሱን አጠናቆ የማለፊያ ውጤት ካገኘ ክሬዲቱ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ይሰፍርለታል።

ይህን አሠራር በሥርዓት ካደራጁት አንዱ የሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአካባቢው ያሉ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች አንድ ችግር ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲው ቀረቡ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የምረቃ መስፈርታቸውን ቀድመው ስለሚያሟሉና ወደ ኮሌጅ መግባታቸውን ስለሚያረጋግጡ፣ የመጨረሻውን መንፈቀ ዓመት በስንፍና ያሳልፉት ነበር። ዩኒቨርሲቲው በሰጠው መልስ መሠረት የትምህርት ቤቶቹ መምህራን በዩኒቨርሲቲው ሠልጥነው፣ በዩኒቨርሲቲው መርሐ ትምህርትና የምዘና መስፈርት የአንደኛ ዓመት ኮርሶችን ማስተማር ጀመሩ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ክፍሎቹን እየዞሩ ይጎበኛሉ፤ የተማሪዎቹን ሥራ ከግቢው ተማሪዎች ሥራ ጋር ያነጻጽራሉ። በዚህ አሠራር ከተማሪው ያላነሰ የተጠቀመው የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ነበር። ከትምህርት ዘርፉ ጋር ያለው ግንኙነት በተመረቀበት ቀን ከመቋረጥ ይልቅ በየዓመቱ ይታደሳልና።

ሦስተኛው ዓይነት ተማሪውን ራሱን ወደ ኮሌጅ የሚልክ ነው። የሚኒሶታ ግዛት በአገረ ገዢው በሩዲ ፐርፒች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በኮሌጅ ተመዝግበው በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ ፈቀደች። ያገኙት ውጤት በአንድ ጊዜ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያም ለኮሌጅ ክሬዲትም ይቆጠራል። ለተማሪው የተመደበው በጀት በከፊል ተማሪውን ተከትሎ ወደ ኮሌጅ ስለሚሄድ፣ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ሕጉን አጥብቀው ተቃወሙ። ነገር ግን ተማሪ እንዳይሸሻቸው በራሳቸው ግቢ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶችን ማብዛት ግድ ሆነባቸው። የዋሽንግተን ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1990 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ዛሬ በእነዚህ ሁለት ግዛቶች የሚኖሩ በርካታ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆችም ይህ ዕድል ክፍት ነው።

ከሁሉም ለየት ያለው ሙከራ የተደረገው በኒው ዮርክ ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በላጓርዲያ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በጃኔት ሊበርማን አሳቢነት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የተቋቋመው ለጎበዞች ሳይሆን ትምህርታቸውን ሊያቋርጡ ይችላሉ ተብለው ለተሰጉ ወጣቶች ነበር። መነሻ ሐሳቡም፣ ኮሌጅን በዓይኑ የሚያይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የሚያነብ፣ ከኮሌጅ ተማሪ ጋር በአንድ መተላለፊያ የሚመላለስ ወጣት ኮሌጅን ለሌላ ሰው የተሠራ ቤት አድርጎ አይቆጥረውም የሚል ነበር። ከዚህ ሙከራ የተወለደው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በጌትስ ድርጅት ድጋፍ በብዙ ግዛቶች ለተከፈቱት ትምህርት ቤቶች መሠረት ሆኗል።

ጥምር ምዝገባ በሚል የሚጠቃለሉት እነዚህ መንገዶች ሁሉ እየሰፉ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2022/23 የትምህርት ዓመት ቢያንስ አንድ የኮሌጅ ኮርስ የወሰዱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ 2.5 ሚሊዮን ደርሰዋል።

ዕድሉ ለማን ደረሰ?

የአሠራሩ መሥራቾች በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ተማሪ የታወቁ ትምህርት ቤቶች ልጅ ነበር። ስለዚህ ዕድሉ ለረጅም ጊዜ በሀብታም አካባቢዎች ተወስኖ ቆየ። ይህን ልማድ በአደባባይ ከፈተኑት አንዱ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከሜክሲኮ የመጡ የድሃ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። የሂሳብ መምህራቸው ሃይሜ ኤስካላንቴ በቦሊቪያ ተወልዶ በዚያው ያስተማረ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 የእርሱ 18 ተማሪዎች የካልኩለስ ፈተናውን አለፉ። ፈተናውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ግን የአንዳንዶቹ መልስ ተመሳስሎብኛል በማለት የ14ቱን ውጤት ተጠራጠረ። ከእነርሱ 12ቱ እንደገና ለመፈተን ተስማምተው ተቀመጡ፤ ሁሉም አለፉ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1988 በፊልም ቀርቦ በመላው ዓለም ታወቀ።

በፊልሙ ጎልቶ ያልታየው፣ ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ግን ዋና የሆነው ነገር ሌላ ነው። የጋርፊልድ ውጤት የአንድ ዓመት ተአምር አልነበረም። ኤስካላንቴ የካልኩለስ ክፍሉን ከማጠናከሩ በፊት ከሥር ያሉትን የአልጄብራና የጂኦሜትሪ ክፍሎች ደረጃ ለማሻሻል ዓመታት ደክሟል፤ በበጋ ወራት ተማሪዎች በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ የማካካሻ ትምህርት እንዲያገኙ አድርጓል፤ አብረውት የሚሠሩ መምህራንንም አሰልፏል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1991 ትምህርት ቤቱን ከለቀቀ በኋላ ውጤቱ እያሽቆለቆለ ሄደ። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ መርሐ ግብር ከሰውየው ጋር ይሄዳልና።

የእኩልነት ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሚገኘው የኢንግልውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስም በካሊፎርኒያ ግዛት ላይ ክስ ተመሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ በሀብታም ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ የላቀ ደረጃ ኮርሶች ሲያቀርቡ የጥቁሮችና የድሆች ትምህርት ቤቶች ግን በጣም ጥቂት ብቻ እንደሚያቀርቡ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በቅበላ ጊዜ ለእነዚህ ኮርሶች ተጨማሪ ዋጋ ስለሚሰጡ ጉዳቱ እጥፍ እንደሚሆን የሚገልጽ ነበር። ክሱ አንድ የተሸሸገ እውነት ገለጠ። ክሬዲት ጊዜና ገንዘብ የሚቆጥብ ነገር ከሆነ፣ ያላገኘው ተማሪ ባለበት የቆመ ሳይሆን ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ዕድሉ ሲሰፋ ደግሞ የእምነቱ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የዳርትማውዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፈተናው ከኮሌጁ ኮርሶች ጋር የሚተካከል አይደለም በማለት ለወደፊት በዚህ ፈተና ክሬዲት እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ ውጤቱን ተማሪን በተገቢው ደረጃ ለመመደብ ግን መጠቀሙን አላቆመም። በኮርስ ላይ በተመሠረተው መንገድም የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት በሌላው ዘንድ ሳይቆጠር የሚቀርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በዘርፉ የሚሠሩ ተቋማት ብሔራዊ ኅብረት አቋቁመው የመምህራን ምልመላን፣ የመርሐ ትምህርትንና የምዘናን መስፈርት ማውጣታቸው ይህን ችግር ለማቃለል ነበር።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የኮሌጅ ክሬዲት የሚያገኝበት አጠቃላይ ሥርዓት ተዘርግቶ አያውቅም። ይሁንና የወሰኑ ጥያቄ በሀገራችንም ከዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት ጋር አብሮ የኖረ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የበእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በየክፍለ ሀገሩ በትምህርታቸው የላቁ ተማሪዎች ተመርጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዚያ ይማሩ ነበር። ክሬዲት አልተሰጣቸውም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲውን አካባቢ፣ ቋንቋና የሥራ ልማድ ከመግባታቸው በፊት ይለማመዱት ነበር። ከሩቅ አውራጃ ለመጣ ወጣት ይህ ቀላል ስንቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን መላውን ሀገር የሚመለከት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በሁለት ከፈለ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አጠቃላይ ትምህርት፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ ሆኑ። የመሰናዶው ትምህርት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፣ በዩኒቨርሲቲ በአንደኛ ዓመት ይሰጥ የነበረው የፍሬሽማን ትምህርት ወደ መሰናዶ እንደወረደ ተቆጠረ። አራት ዓመት ይፈጁ የነበሩ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮችም ወደ ሦስት ዓመት አጠሩ።

በሌላ አነጋገር፣ አሜሪካውያን ለእያንዳንዱ ተማሪ በፈተና ወይም በኮርስ እያረጋገጡ የሚሰጡትን አንድ ዓመት፣ ኢትዮጵያ ለሁሉም በአንድ ጊዜ በፖሊሲ ሰጠች። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበራት። ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚጎርፈው ወጣት በየዓመቱ ይበዛ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ወንበርና መኝታ ግን ውስን ነበር። አንድ ዓመት ሲቀነስ በዚያው ሕንጻና በዚያው መምህር ብዙ ተማሪ ማስተማር ይቻላል።

ዳሩ ግን ዓመቱ ሲወርድ፣ ዓመቱን የሚሸከሙት ነገሮች አብረው አልወረዱም። ለመሰናዶ መምህር መመዘኛ ሆኖ የታሰበው ሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ የነበሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው መምህራን ነበሩ። የኬሚስትሪና የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ስሙ ብቻ በበሩ ላይ የተጻፈበት ትምህርት ቤት ጥቂት አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰራጭ የነበረው ትምህርት፣ በተለምዶ ፕላዝማ የተባለው፣ ጉድለቱን ለመሙላት የታሰበ ነበር። ሆኖም መምህሩን ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት አወረደው፣ ፍጥነቱም ከተማሪው የእንግሊዝኛ ችሎታ ጋር አልተመጣጠነም የሚል ብርቱ ወቀሳ ተሰንዝሮበታል። የመግቢያ ፈተናውም የተዘጋጀው ተማሪዎችን በውጤት ቅደም ተከተል ለይቶ ለመመደብ እንጂ፣ የፍሬሽማን ኮርስ ይዘት በእያንዳንዱ ተማሪ መያዙን ለመመስከር አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ ችግሩን ዘርዝሮ አስቀመጠ። በዚሁ መሠረት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። የሎጂክና የሥነ ልቡና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የእንግሊዝኛና የሂሳብ ኮርሶች እንደገና ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መሰጠት ጀመሩ።

ወሰኑ በዚህ አላቆመም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀደም ሲል የነበረው የፈተና ምስክርነት ምን ያህል አጠራጣሪ እንደነበር ይህ አኃዝ ብቻውን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ነገር ግን ለተመረጡ ተማሪዎች ሪሜዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት ይሰጣሉ። በ1994 ዓ.ም. የኮሌጁ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት እንደወረደ ሁሉ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዓመት ወደ ኮሌጅ ወጣ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከሁለቱ ሀገሮች ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት፣ ወሰኑን ማዛወር ጥፋት ነው የሚል አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ከክፍሉ የቀደመ፣ የሚፈትነው ትምህርት አጥቶ የሚሰለች ተማሪ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ በመከፈታቸውም፣ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ብቻ ይርቃሉ። ከሰባ ዓመት በፊት በኮኔቲከት የተጀመረውን ዓይነት ሙከራ በጥቂት ትምህርት ቤቶች መጀመር ከአቅም በላይ አይሆንም።

ነገር ግን ማንኛውም እንዲህ ያለ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ለአራት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል። አንደኛ፣ ኮርሱን የሚያስተምረው መምህር በትምህርት ዘርፉ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ቋሚ ግንኙነት አለውን? ሁለተኛ፣ የተማሪውን ዕውቀት የሚመሰክረው ማን ነው፤ ምስክሩስ ከሁለቱም ወገን ነጻ ነውን? ሦስተኛ፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን ክሬዲት ሌላው ይቀበለዋልን? አራተኛ፣ ዕድሉ ከዋና ከተማው ውጭ ላለው ትምህርት ቤት በምን መንገድ ይደርሳል?

የአሜሪካው አሠራር በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ እየተከራከረ፣ ከ104 ትምህርት ቤቶች ተነሥቶ ቀስ በቀስ ሰፋ፤ በክርክሩም ምክንያት ራሱን ሲያርም ኖረ። የኢትዮጵያው ለውጥ በአንድ ዓመት መላ ሀገሪቱን አዳረሰ፤ ጥያቄዎቹም ከተግባሩ በኋላ ተነሡ። በመካከሉ በሦስት ዓመት የተመረቁት ወጣቶች፣ የሚገባቸው አንድ ዓመት በወረቀት ላይ ተቆጥሮላቸው በዕውቀት ግን ሳይሞላላቸው ወደ ሥራ ዓለም ገብተዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ናቸው። ስለዚህ የሚቀጥለው ለውጥ ከተማሪው በፊት ከመምህሩ መጀመር ይኖርበታል።